አያ ሰማው ለዝግባዋ የተሳሉት

ስርጉት የማትፈራውን ነገር መቁጠር ይቀላል። ተማሪ አትፈራም፤ ርዕሰ መምህር አትፈራም፤ የፈተና ወረቀት ክምርም አያስፈራትም። ከዚህ ውጭ ያለውን ሁሉ ትፈራለች። ውሻ ትፈራለች፣ መብረቅ ትፈራለች፣ የታሸገ ምግብ ትፈራለች፤ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወጣውን ሚኒባስ ሾፌሩን ገና ሳታየው ትፈራዋለች። ሁለት ሴት መምህራን ሆነን ቢቸና ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተን መኖር ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል፤ እሷ ባዮሎጂ ታስተምራለች፣ እኔ ሒሳብ። እኔ የቆለፍሁትን በር ሁልጊዜ ሄዳ ትነካካዋለች። «ስትነኪው ይበልጥ ይቆለፋል እንዴ?» እላታለሁ። አትስቅም።

ፍርሃቱን ይዛው የመጣችው ከሞጣ ነው። እናቷ ከእሷ በፊት የወለዷቸውን ልጆች በኩፍኝ ቀብረው ስለነበር እሷን ያሳደጓት ከዓይናቸው ሳይለዩ ነው። ዝናብ ሲመጣ «ግቢ»፣ ፀሐይ ሲበረታ «ግቢ»፣ እንግዳ ሲመጣ «ጓዳ»። ሌሎቹ ልጆች ደጅ ሲሯሯጡ እሷ ከጎመኑ መደብ አጠገብ ተቀምጣ ትውላለች። ጠዋት ቀጥ ብሎ የቆመው የጎመን ቅጠል እኩለ ቀን ላይ ለምን ይዝላል? አመሻሹ ላይ ውሃ ሲያገኝስ ተመልሶ ለምን ቀና ይላል? ይህን እናቷን ስትጠይቃቸው «ጠምቶት ነዋ» ይሏት ነበር። ይህ መልስ አልበቃትም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሙሉውን መልስ የሰማች ቀን ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እንዳለቀሰች ነግራኛለች፤ ይህችን ሴት በዚህ ጉዳይ አላፌዝባትም።

መልሱን እኔም ከጭቅጭቋ ብዛት ተምሬዋለሁ። ቅጠል የተሠራው ለዓይን ከማይታዩ ትንንሽ ክፍሎች ነው፤ ሴል ይባላሉ። እያንዳንዷ ሴል ከውጭ ጠንካራ ግድግዳ አላት፤ ከግድግዳው ውስጥ ስስ ሽፋን፣ ከሽፋኑ ውስጥ ደግሞ ቫኪዩል የሚሉት የውሃ ከረጢት አለ። ከረጢቱ ሲሞላ ግድግዳውን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ቅጠሉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ያ ግፊት ነው። ስሱ ሽፋን የሚገባውንና የሚወጣውን ይመርጣል። ውሃ ሲያጥር ደግሞ ቅጠሉ ላይ ያሉት ትንንሽ አፎች ይዘጋሉ፤ ያለው እንዳይተን። ይህን ስሰማ «በር መዝጋት የተማርሽው ለካ ከቅጠል ነው» አልኋት። በዚህኛው ትንሽ ፈገግ አለች።

ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አንድ ያረጀ ዝግባ ነበር፤ በአንድ ክረምት ንፋስ ገነደሰው። የደብሩ ቄሰ ገበዝ አባ ገብረ ሕይወት ከወደቀው ዛፍ ሥር ፍሬውን ለቅመው ለስርጉት ሰጧት፤ የዕፀዋት ነገር የምታውቅ እሷ ናት ብለው። የዝግባ ፍሬ ልበ ደንዳና ነው። ዓመት አልፎት ከዚያ ሁሉ ፍሬ አንዲት ብቻ በቀለች። ስርጉት ያችን አንዲት ችግኝ ከጓሯችን ጥላ ሠርታ ስታሳድግ ዶሮ ፈራችላት፣ በረዶ ፈራችላት፣ የእኔን የልብስ ማጠቢያ ውሃ ሳይቀር ፈራችላት። ባለፈው ሐምሌ አሮጌው ዛፍ ከቆመበት ቦታ ተተከለችና በእሾህ ታጠረች። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ስርጉት በየጠዋቱ ከትምህርት ቤት በፊት በጀሪካን ውሃ ተሸክማ ትሄድላታለች።

ግንቦት ላይ ነበር። ከተማው በፀሐይ ተንገብግቧል፤ የቧንቧ ውሃም በተራ ነው የሚመጣው። ጠዋት ልብሴን ስለብስ ስርጉት እየሮጠች ገባች። መውደቅ ስለምትፈራ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም ነበር። እጄን ያዘችኝ። ምን ሆንሽ ብላት ነይ ብቻ አለችኝና ተከተልኋት።

ችግኟ አንገቷን ደፍታለች። ትናንት የሚያብረቀርቁት ቅጠሎቿ ደብዝዘው ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። ሥሯ ላይ ነጫጭ ፍሬዎች ተበትነዋል፤ ግማሾቹ በጤዛው ሟሙተው አፈሩን አርሰውታል። ስርጉት ተንበርክካ አንዷን ፍሬ በጣቷ አንሥታ አየቻት። ዩሪያ ነበር፤ የማዳበሪያው። ጣሳ ሙሉ ይሆናል፤ ለማሳ እንጂ ለአንዲት ችግኝ የሚሰፈር አይደለም።

ወደ እኔ ሳትዞር ነገረችኝ። አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ማዳበሪያው በዝቶበት ከብዷል፤ ስለዚህ ሥሯ ውሃ መሳብ ቀርቶ የያዘችውም ተመልሶ እየወጣ ነው አለች። «እየጠጣች አይደለም» አለችኝ፤ «እየተቀዳች ነው።» በእጃችን የላዩን አፈር እየዛቅን አርቀን ደፋን፤ ጀሪካኑንም ቀስ አድርገን አፈሰስንባት።

አባ ገብረ ሕይወት ኪዳን አድርሰው ሲወጡ አገኙን። መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነበር፤ አያ ሰማው ስለታቸውን ማግባታቸውን አያችሁ ወይ አሉን። ስርጉት የምን ስለት ብላ ጠየቀች፤ እሳቸውም ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሩን።

አያ ሰማውን እናውቃቸዋለን፤ ከከተማው ዳር የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያላቸው አንድ ልጅ ይታያል ነው። ይታያል በመስከረም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ ነበር። ከኅዳር ወዲህ ድምፁ የለም። መንገዱ ይዘጋል፣ ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ከዚያ የመጣ ሰው ሲጠየቅ አላየሁትም ይላል። አያ ሰማው ባለ ቁልፏን ስልካቸውን በደረት ኪሳቸው ይዘው ይውላሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ እንኳ አይዘጓትም። እንግዲህ በአንድ ሰንበት ከዝግባዋ ፊት ቆመው ተሳሉ። ሰው ጥላ ይሳላል፣ ጧፍ ይሳላል፤ እሳቸው ግን ዘንድሮ ከሁሉ የተወደደውንና ስንት ቀን ተሰልፈው ያገኙትን ማዳበሪያ ለዝግባዋ ተሳሉላት። ትናንት ማታ ከሠርክ ጸሎት በኋላ አመጡላት።

«ከጸደቀች ልጄ ይመጣል፤ ከደረቀች ግን ቁርጤን አውቄዋለሁ ብለውኛል» አሉ አባ ገብረ ሕይወት።

የስርጉት ፊት አመድ መሰለ። ቄሰ ገበዙም ነገሩን ሲረዱ ደነገጡ፤ ከዚያም ለሽማግሌው እንዳንነግራቸው ለመኑን። የደረቀችው በፀሐይ ነው በሏቸው፤ ይህ ሰው በገዛ እጄ ነው ካለ አይነሣም አሉ። ስርጉት እሺ አለች። ስትፈራ እሺ ማለት ልማዷ ነው።

ረፋዱ ላይ አያ ሰማው መጡ። በእሾህ አጥሩ ላይ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ምን ነካት ብለው ጠየቁ፤ ስርጉትም ፀሐይ ነው አለቻቸው። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር የተናገረችው። እሳቸውም ኪሳቸውን ዳሰስ አድርገው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት አልወዳቸውም። ቅጠሎቹ ከጫፋቸው ቡናማ መሆን ጀመሩ፤ ቡናማው በየቀኑ ወደ ውስጥ እየገፋ ሄደ። ስርጉት ምግብ አልወርድ አላት። ሰሌዳው ላይ ጀምራ የተወችውን ዓረፍተ ነገር ተማሪዎቿ ሲያስታውሷት ሰማሁ። እኔ ልማዴ ነውና ተከራከርኋት፤ የመተማ ልጅና የቢቸና ችግኝ ምን ያገናኛቸዋል፣ አንቺ ሳይንስ የተማርሽ ሰው አይደለሽም ወይ አልኋት።

«አይገናኙም» አለችኝ። «እሳቸው ግን አገናኝተዋቸዋል። ብትሞት ለሳቸው የሞተው ማን እንደሆነ አታውቂም?»

ከዚያ በኋላ እኔም ፈራሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስንቀርብ ደርቃ ባገኛት ብዬ ከስርጉት ኋላ እቀር ነበር።

ዓርብ ቀን፣ ስርጉት ውሃ አጠጥታ ጀሪካኑን ስትከድን፣ አያ ሰማው በቅጥሩ በር ሲገቡ አየን። ትከሻቸው ላይ ከረጢት አለ። ከባድ ነበር፤ ሰውነታቸው ወደ አንድ ጎን አጋድሏል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ገና ከሩቅ አነበብሁት። ለዘር ያቆዩትን ማዳበሪያ እንዳለ ተሸክመውት መጥተዋል።

ደርሰው ከረጢቱን አወረዱ፤ ላባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ስርጉትን ልጄ ብለው ሰላም አሏትና ነገሯት። ሌሊቱን ሲያስቡት አድረው ነው። ለአንድ ልጅ ጣሳ መስፈር ስስት ነው፤ ዝግባዋ የደበዘዘችው ያንን አይታ ነው፤ አሁን ሙሉውን ሊሰጧት ነው፤ የዘንድሮው ጤፍ ይቅር። ይህን እያሉ ከረጢቱ የተሰፋበትን ሲባጎ በጥርሳቸው በጠሱት።

ስርጉትን አየኋት። ውሻ ስታይ የምታደርገውን ታደርጋለች ብዬ ነበር፤ ዞራ ከእኔ ኋላ ትደበቃለች ብዬ። ወደ ፊት ሄደች። በአጥሩና በሽማግሌው መካከል ገብታ ቆመች፤ እሾሁ ቀሚሷን ያዘው።

«አያ ሰማው» አለች፣ «አይጨምሩባት። የጎዳት ፀሐይ አይደለም። እርስዎ የሰጧት ማዳበሪያ ነው።»

ሽማግሌው የከረጢቱን አፍ እንደያዙ ቀሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እጃቸው ወደ ስልካቸው ኪስ ሄዶ እዚያው ቀረ።

«እንግዲያ በእጄ ነው» አሉ። «ልጄን በእጄ ነው ያደረቅሁት።»

ዝግባዋ አልሞተችም አለቻቸው ስርጉት፤ ደግማም አለቻቸው። አያ ሰማው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። አስቀድመሽ ፀሐይ ነው አልሽኝ፣ ለእኔ አዝነሽ ነው፤ አሁንም ለእኔ አዝነሽ ነው አሉ። አንድ ጊዜ ዋሽታቸዋለችና የምትናገረው እውነት ከአፏ ወጥቶ መሬት ላይ ይቀራል። ሽማግሌው ከድንጋዩ ሳይነሡ እንዳይቀሩ ብዬ ፈራሁ፤ እውነቴን ነው የምለው፣ እዚያው የሚቀሩ መሰለኝ።

«እኔን አይመኑኝ» አለች ስርጉት። «ይነሡና በዓይንዎ ይዩ።»

ትምህርት ቤታችን አንድ ደህና ማይክሮስኮፕ አለው፤ በመስታወቱ የፀሐይ ብርሃን እየያዘ የሚያሳይ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። አያ ሰማው ቤተ ሙከራው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ስርጉት እኔ ከወጥ ቤታችን ካመጣሁት ቀይ ሽንኩርት ላይ ቀዩን ስስ ልጣጭ ላጠችና መስታወት ላይ ዘረጋችው። ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። ምን እንደታያቸው ስትጠይቃቸው ቤቶች ናቸው አሏት፤ ግድግዳና ግድግዳ የተያያዙ ቤቶች፣ ሁሉም ወይን ጠጅ የመሰለ ውሃ የሞላባቸው።

ስርጉትም ያ ውሃ ያለበት ከረጢት እንደሆነና ቤቱን ወጥሮ የያዘው እሱ እንደሆነ ነገረቻቸው። ከዚያ ከኪሷ ጥቂት ዩሪያ አወጣች፤ ከራሳቸው ከረጢት የቆነጠረችው ነው። በብርጭቆ በጠበጠችውና ጠብታውን ከመስታወቱ ጠርዝ አስገባች። ጠብታው ሲሰርግ አያ ሰማው የሚያዩትን ነገሩን። ቀዩ ውሃ ከግድግዳው እየሸሸ፣ እየተኮማተረ፣ በየቤቱ መሐል እንደ ፍርፋሪ መሰብሰብ ጀምሯል። እንዲህ ነው ያደረግኋት አሉ፤ ዓይናቸውን ግን ከማይክሮስኮፑ አላነሡም።

«ግድግዳውን ይዩልኝ» አለች ስርጉት። «ወድቋል?»

ጠጋ ብለው አዩ። «አልወደቀም። ቆሟል።»

ግድግዳው የሚቆመው ለዚህ እንደሆነ ነገረቻቸው። እኛ ሰዎች ሴላችን ግድግዳ የለውም፤ ዕፀዋት ግን አላቸው፤ ውሃው ቢወጣም ቤቱ ባዶውን ሆኖ ይጠብቃል። ስሱ ሽፋን ካልተቀደደ፣ ከረጢቱም ካልፈነዳ፣ ንጹሕ ውሃ ሲመጣ ተመልሶ ይሞላል። ይህን እያለች ማዳበሪያውን በጨርቅ ሳብ አድርጋ አወጣችና ንጹሕ ውሃ አንጠበጠበች። የመጀመሪያው ጠብታ ስቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ካልተመለሰስ ብዬ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

ቆይቶ የአያ ሰማው ድምፅ ተሰማ። እየገባ ነው አሉ፤ ይኸው ጥጉ ድረስ ሞላ፤ ያም ሞላ። ስርጉት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቀጥሎ ግን ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ጠየቁ።

«ያልተመለሱም አሉ። እነሱስ?»

ስርጉት መልሳ ልትዋሽ ትችል ነበር። «እነሱ ላይ ማዳበሪያው በርትቶባቸዋል» አለቻቸው። «ዝግባዋ ውስጥ የትኞቹ እንደሆኑ ግን እኔም አላውቅም። ውሃ እናጠጣት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ሰማው ከወንዝ ውሃ እየቀዱ በአህያ ያመጡ ጀመር። መጀመሪያ ቀን ጀሪካኑን በአንዴ ሊገለብጡት ሲሉ ስርጉት ክንዳቸውን ያዘች፤ በአንዴ አይሆንም፣ ቀስ እያሉ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ማዳበሪያው እየታጠበ ወደ ታች እንዲወርድ አለቻቸው። እሳቸውም በትንሽ ኩባያ እየቀዱ ያፈሱላታል። በላይዋ የጆንያ ጥላ ሠሩላት። ማዳበሪያውን ወደ ቤታቸው መለሱት፤ ጤፋቸውም ተረፈ።

ዝግባዋ ግን በአንድ ጎኗ ያሉት ቅጠሎች ረገፉ። ነካ ሲያደርጓቸው ነው የሚወርዱት። በሌላኛው ጎን ያሉት ከቀናት በኋላ ቀና አሉ፤ መጀመሪያ ያየኋቸው እኔ ነኝና እንደ ሕፃን ጮኼ ስርጉትን ጠራኋት። እሷ ደስ ሲላትም ትፈራለች፤ ጣቷን አስጠግታ ሳትነካቸው መለሰችው። አያ ሰማውም ደረቁን ጎንና ለምለሙን ጎን እየተመላለሱ አዩ።

«ግማሹ ነው የተመለሰው» አሉ። «የእኔስ ልጅ ግማሹ ነው የሚመጣ?»

ስርጉት ኩባያውን ሞልታ ሰጠቻቸው።

የአያ ሰማው ስልክ የጮኸችው በሌላ ቀን ነው፤ ኔትወርክ መጣ የተባለ ዕለት፣ ሽማግሌው ኩባያውን እየሞሉ ሳለ። በደረት ኪሳቸው ውስጥ ስትንጫጫ ኩባያው ከእጃቸው ወደቀ። አውጥተው አዩዋት፤ ቁጥሩ የማያውቁት ነው። አልነኩትም። መርዶም በስልክ ይነገራል፤ ይህን ሦስታችንም እናውቃለን። ጥሪው ሊያበቃ ሲል ስልኩን ለስርጉት ዘረጉላት። እኔ መያዝ አልችልም፣ አንቺ ስሚልኝ አሏት።

ስርጉት የማታውቀው ቁጥር ሲደወል አንሥታ አታውቅም። በእኛ ቤት እንዲህ ያለው ስልክ ሲጮኽ እኔ ነኝ የማነሣው። እጄን ልሰድላት ስል ቁልፏን ተጫነችና ጆሮዋ ላይ አደረገች። ሰማች። ፊቷ ላይ ምንም ማንበብ አልቻልሁም። ከዚያ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ የሽማግሌው ጆሮ ላይ ለጠፈችላቸው።

የወጣት ድምፅ ነበር፤ ደካማ፣ የሚቆራረጥ። ወባ ይዞት ብዙ መተኛቱን፣ ስልኩ መጥፋቱን፣ መንገዱ ሲከፈት እንደሚነሣ ይናገራል። አያ ሰማው ይታያል ነህ ወይ ብለው አልጠየቁትም፤ አላለቀሱም። ዓይናቸው ዝግባዋ ላይ ነበር።

«ውሃ አለህ?» አሉት። «ጠጣ ልጄ። በአንዴ አይደለም፤ ቀስ እያልህ፣ በትንሽ በትንሹ።»

ስርጉት የወደቀውን ኩባያ አነሣች፤ አፈሩን ጠርጋ ከጀሪካኑ ቀዳችና ዝግባዋ ሥር አፈሰሰችው።